የሄምፕ ፍሬ ለዐቢይ ጾም፦ ፕሮቲን ነው ወይስ ውድ ሱፍ?

በረኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ) · የካቲት 26

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁዳዴ ከገባ ዐሥረኛ ቀናችን ነው። ትናንት ሚዛን ላይ ብወጣ አንድ ኪሎ ተኩል ወርጃለሁ፤ አሁን 78 ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ለክረምቱ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር የሚዘጋጅ የሠፈር ቡድን በረኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም 41 ደርሷል። በጾም ሰሞን ከልምምድ በኋላ ሰውነቴ ቶሎ አይመለስልኝም። እሑድ የወደቅሁበት ጎን ረቡዕም ያመኛል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሥጋም ወተትም የማትነካ አንዲት አሜሪካዊት አለች። መጾሜን ስታውቅ “ታዲያ የሄምፕ ፍሬ ለምን አትበላም? ፕሮቲኑ ከሥጋ አያንስም” አለችኝ። ሄጄ ገዛሁ፤ 340 ግራም የምትይዝ ከረጢት 13 ዶላር። ልጣጩ የወለቀ ነው። ከሰሊጥ ትንሽ ይበልጣል፤ ነጣ ያለ ሆኖ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነገር አለበት። ጣዕሙ በለውዝና በሱፍ መካከል ነው። ከረጢቷ ጀርባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም በ30 ግራም፣ ዐሥር ግራም ገደማ ፕሮቲን እንዳለው ተጽፏል።

ባለቤቴ አንብባው “ይህ የሐሺሽ ተክል አይደለም እንዴ?” አለችና ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ከመድኃኒቶቹ ጎን አስቀመጠችው። እኔም ከዚያ እያወረድሁ፣ ተደብቆ እንደሚጠጣ ሰው፣ አንዳንድ ማንኪያ እቅማለሁ።

እስቲ የሚያውቅ ይንገረኝ። እውነት ሥጋን ይተካል? ወይስ 13 ዶላር የከፈልሁት ለሱፍ ነው?

የዳላሷ · የካቲት 26

ልጄ፣ እንደ እናት ልንገርህ። ጾም የተሠራው ጎንህን ትንሽ እንዲያምህ ነው። ካላመመህማ ምኑን ጾምኸው?

እኔ ስድስት ልጆች ያሳደግሁት በሽሮና በምስር ነው። ከስድስቱ አንዱ እንኳ “ፕሮቲን አነሰኝ” ብሎ አላለቀሰም፤ “ሽሮ ሰለቸኝ” ብለው ግን ሁሉም አልቅሰዋል። ስሙ ከሐሺሽ ጋር የሚነሳ ነገር በዚህ ወር ቤቴ አይገባም። ባለቤትህ ብልህ ናት። ከመድኃኒቱ ጎን ከማስቀመጥ ግን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ብትከተው ይበልጥ ብልህ ትሆን ነበር።

የካልጋሪ ብርድ · የካቲት 26

እትዬ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። ሄምፕና የሚጨሰው ተክል አንድ ዝርያ መሆናቸውን መካድ አይቻልም፤ ሁለቱም ካናቢስ ናቸው። ልዩነቱ አእምሮን የሚያዞረው ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር መጠን ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሄምፕ የሚባለው የተክሉ ደረቅ ክብደት ከ0.3 በመቶ በላይ ቲኤችሲ የሌለው ብቻ ነው። ፍሬው ደግሞ ከውስጡ ቲኤችሲ አይሠራም። የሚሠራው አበባውና በዙሪያው ያለው ቅጠል ነው፤ ሙጫው በአጨዳ ጊዜ ልጣጩ ላይ ሊለጠፍ ይችላል እንጂ።

እዚህ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በፈቃድ ይዘራል። አልበርታ፣ ሳስካቼዋንና ማኒቶባ የስንዴ አገር ናቸው፤ የሄምፕም አገር ሆነዋል። በረኛው የገዛው ከረጢት ላይ “የካናዳ ምርት” የሚል ቢያገኝ አልደነቅም። አሜሪካ እርሻውን በሙሉ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነው። በዚያው ወር የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተላጠው ፍሬ፣ የፍሬው የፕሮቲን ዱቄትና ዘይቱ ለምግብነት ቢውሉ ተቃውሞ እንደሌለው አሳወቀ።

ደግሞ ልጨምር። ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕስ የሄምፕ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በእጽዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ለፋሲካ አንድ ጠርሙስ የሚከፍት ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል።

ከሾላ ገበያ · የካቲት 27

አንድ ሰው ተነሥቶ “ሆፕስ ማለት ጌሾ ነው፣ ስለዚህ ጠላችንም የሐሺሽ ዘመድ ነው” ከማለቱ በፊት ቀድሜ ላቋርጥ። ጌሾ በሥራው እንጂ በዘሩ ከሆፕስ ጋር አይገናኝም፤ የሌላ ቤተሰብ ቁጥቋጦ ነው። ጠላ ነጻ ነው። ቀጥሉ።

ምጣድና ሚዛን (ሚኒያፖሊስ) · የካቲት 27

የምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከአገሬ ልጆች የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

በረኛው፣ የሥራ ባልደረባህ አልዋሸችህም፤ ያሳየችህ ግን የሚዛኑን አንድ ወገን ብቻ ነው። የተላጠ የሄምፕ ፍሬ በ100 ግራም ውስጥ 31 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የበሰለ የበሬ ሥጋ 26 ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ሄምፕ በሬውን ጣለው። ነገር ግን በዚያው 100 ግራም ውስጥ 49 ግራም ያህል ስብ አለ፤ ካሎሪው 550 ያልፋል። ሄምፕ የቅባት እህል ነው። መቀመጫው ከኑግ፣ ከሰሊጥና ከተልባ ጎን ነው፤ ከምስርና ከሽምብራ ጎን አይደለም። 30 ግራም ፕሮቲን ከሄምፕ ብቻ ላግኝ ብትል ከ500 በላይ ካሎሪ ትበላለህ። ያንኑ 30 ግራም ከተቀቀለ ምስር ብታገኘው 390 ካሎሪ አይሞላም፤ ኪስህም አያዝንም።

ሁለተኛው ነገር የፕሮቲኑ ጥራት ነው። ፕሮቲንን ሃያ ዓይነት ቀለም ባላቸው ዶቃዎች እንደተሠራ ድሪ አስቡት፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ዘጠኙን ቀለማት ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከማዕድ ይጠብቃቸዋል። ሄምፕ ዘጠኙም አሉት፤ ሻጮች “ሙሉ ፕሮቲን” እያሉ የሚያሞግሱት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ላይሲን የተባለው ቀለም ያንሰዋል፤ አንዱ ቀለም ካለቀ ደግሞ የሌላው መትረፍረፍ ድሪውን አያስቀጥልም። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የአሚኖ አሲዱን ሚዛንና የመፈጨቱን መጠን አንድ ላይ ለክተው ነበር። እንቁላልና ወተት መቶ በሚያገኙበት በዚያ መለኪያ የተላጠው ሄምፕ ከ63 እስከ 66 አገኘ። ከነልጣጩ ሲሆን 50 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ እትዬ ሽሮ ልምጣ። ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ላይሲን የሞላባቸው ናቸው። የሚያንሳቸው ሜታዮኒን የተባለው ሌላው ቀለም ነው። ሄምፕ ደግሞ ሜታዮኒን ሞልቶ ተርፎታል። ስለዚህ ከመደርደሪያ እየተወረደ በድብቅ የሚቃመው ሄምፕ ከሽሮ ጋር ቢበላ ዋጋው ይጨምራል። በአንድ ጉርሻ ውስጥ መገናኘት አይጠበቅባቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሆድህ ውስጥ ቢተዋወቁ ይበቃል። ሱፍ፣ ሰሊጥና ኑግም ይህን ሥራ ከሞላ ጎደል ይሠራሉ። አያቶቻችን አሚኖ አሲድ ሳይቆጥሩ የደረሱበት ማዕድ ነው።

ለአንተ በቁጥር ላስቀምጠው። በ78 ኪሎ ክብደት ዝቅተኛው የዕለት ፍላጎት 62 ግራም ፕሮቲን ነው። ስፖርት ለሚሠራ ሰው በኪሎ 1.2 ግራም ብንይዝ 94 ይሆናል። ሁለት ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 36 ግራም አካባቢ ይሰጥሃል፤ ሽሮው፣ እንጀራውና የሄምፑ ሦስት ማንኪያ ይጨመሩበታል። አያቅትም። የሚያቅተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ያን ሁሉ በአንድ ማዕድ መጨረስ ነው። ከበላህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተለማመድ፤ ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ማዕድ ጨምር። ብዙዎቻችን በጾም የምንከሳው ፕሮቲን ጠፍቶ ሳይሆን አንድ ጊዜ በልተን፣ ሆዳችን ተነፍቶ ስለምንተኛ ነው።

ሄምፕን ላለማማት አንድ ነገር ልመስክር። 30 ግራሙ ውስጥ 210 ሚሊግራም ያህል ማግኒዚየም አለ፤ ይህ የአንድ ጎልማሳ ወንድ የቀን ፍላጎት ግማሽ ነው። ዚንኩም ደህና ነው። ኦሜጋ ሦስትም አለው፤ በዚህ ግን ተልባ ይበልጠዋል። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን የለውም፤ ከማንኛውም እህል ቢ12 አትጠብቁ።

ጤናችን በእጃችን · የካቲት 27

ሄምፕ ካንሰርንም ስኳርንም የደም ግፊትንም ያጠፋል። እኔ በቀን 200 ግራም እበላለሁ። ሐኪሞች ይህን አይነግሯችሁም፤ ይደብቁታል።

ምጣድና ሚዛን · የካቲት 27

200 ግራም ማለት 1,100 ካሎሪና ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ስብ ነው። የደበቅነው ይህን ነበር፤ አሁን ነገርንዎት። በሽታ ያጠፋል የሚለውን ግን እባክዎ ለታመመ ሰው እንዳይነግሩ። መድኃኒቱን ትቶ ከረጢት የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

ዐሥራ ስምንት ጎማ · የካቲት 28

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ የነዳጅ ማደያ ቆሜ አነበብሁት። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከአትላንታ እስከ ሎስ አንጀለስ እመላለሳለሁ። እንደምታውቁት መንገድ ላይ ጾም ማለት ሙዝ፣ ለውዝ እና ከቤት የተቋጠረ ደረቅ እንጀራ ማለት ነው። የሄምፕ ፍሬ በፕላስቲክ ታሽጎ የትም የሚገኝና ማብሰል የማይፈልግ ከሆነ ለእኔ ነው የተፈጠረው።

ችግሬ ሌላ ነው። በማንኛውም ቀን ደውለው “ሽንት ስጥ” ይሉኛል። ውጤቱ ላይ ካናቢስ ከታየ የመንጃ ፈቃዴ፣ የመኪናው ዕዳ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ሁሉም በአንድ ቀን ይናጋል። “የበላሁት ፍሬ ነው” ብል ማን ይሰማኛል?

የካልጋሪ ብርድ · የካቲት 28

ወንድሜ ዐሥራ ስምንት ጎማ፣ የሚያስፈራው የድሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ላይ የነበረው ፍሬና ዘይት በደንብ ያልጸዳ ስለነበር በልተው ምርመራ ላይ የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ፍሬው ይጸዳል፣ ይላጣል፣ ይመረመራል። በካናዳ ሕግ በሄምፕ ምግብ ውስጥ የሚፈቀደው ቲኤችሲ በአንድ ኪሎ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም። ሁለትና ሦስት ማንኪያ የተላጠ ፍሬ የሚበላ ሰው ይያዛል ብዬ አልገምትም። ዘይቱን ግን ባትሞክረው ይሻላል፤ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቅሪት ከፍ ሊል ይችላል።

ዩኒፎርም ለባሽ · የካቲት 28

ከመገመት በፊት እኔን ስሙኝ። የአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ነኝ። እኛ ጭራሽ የተከለከልን ነን፤ የመከላከያ ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ገመድና ልብስን ከመሰሉ ዕቃዎች በስተቀር የሄምፕ ምርት እንዳንጠቀም አዟል። ጉዳዩ ፍሬው ይይዛል አይዝም አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ካምፓችን ደጃፍ ያለው ሱቅ ውስጥ በግልጽ ይሸጣል፤ እኛ አልፈነው እንሄዳለን። ሠራዊት ውስጥ ልጅ ያላችሁ እናቶች በጾም ሰሞን ለልጃችሁ በፖስታ ስትልኩለት አስታውሱት። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ አክስቱ የላከችለትን ኩኪስ በሩ ላይ ሆኖ ሲጥል አይቻለሁ። አክስቱ እስካሁን የበላው ይመስላታል።

ምጣድና ሚዛን · የካቲት 28

ሾፌሩ ወንድማችን ላነሣው ጥያቄ መልሱ ከሥነ ምግቡ ይልቅ ከሕጉ ላይ ነው። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ምርመራ ሽንት ውስጥ የካናቢስ ቅሪት በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ሲደርስ ምልክት ያደርግበታል፤ ማረጋገጫው ላይ ደግሞ 15 ይበቃል። ከዚያ በኋላ “ከሄምፕ ምርት ነው የመጣብኝ” የሚለው ቃል እንደ ሕጋዊ ምክንያት አይቆጠርም። የተላጠ ፍሬ በልኩ የበላ ሰው እዚያ የመድረስ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። ዕድሉ ትንሽ መሆኑ ግን መኪናህን በዕዳ ለገዛህ ለአንተ ምን ይጠቅምሃል? ያው ፕሮቲን በዱባ ፍሬ ውስጥ አለ፤ 100 ግራሙ 30 ግራም ፕሮቲን አለው። በየነዳጅ ማደያው ይሸጣል፤ ማግኒዚየሙም አይታማም። ማንም ስለ ዱባ ሽንት አይመረምርም።

ዐሥራ ስምንት ጎማ · የካቲት 28

“ማንም ስለ ዱባ ሽንት አይመረምርም።” ይህን የመኪናዬ መስተዋት ላይ ልለጥፈው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እኅቴ።

ዱባይ ማደሪያዬ · የካቲት 29

በዚህ በኩል ላለነው አንድ ቃል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትመጡ ወይም በዚህ አልፋችሁ አገር ቤት የምትገቡ ሰዎች ከረጢቱን እዚያው ተዉት። እዚህ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁሩ የፖፒ (የኦፒየም ተክል) ፍሬ እንኳ የተከለከለ ነው። ካናቢስ የሚል ቃል የተጻፈበት ዕቃ ይዞ ፍተሻ ላይ “ፕሮቲን ነው” እያሉ ማስረዳትን ለማንም አልመኝም። እኛ እዚህ ተልባና ሰሊጥ በኪሎ እየገዛን እንጾማለን፤ አልጎደለብንም።

ከሾላ ገበያ · የካቲት 29

እውነት ነው። በዚሁ አጋጣሚ “ለእናቴ ልላክላት” የምትሉም አስቡበት። አገራችን ሄምፕን ከካናቢስ ለይቶ የሚፈቅድ የተለመደ አሠራር የላትም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የናርኮቲክ ዕፅን ነገር በጥብቅ ነው የሚያየው። ጉምሩክ ላይ የሚቆመው ልጅ 0.3 በመቶ ስለሚባል ነገር አንብቦ ይጠብቀኛል ብላችሁ አትመኩ። እናቶቻችን የጎደላቸው ሄምፕ አይደለም። ሱፍ እንኳ የዋጋ ጭማሪው እንደ ሽንኩርት ሆኗል። ገንዘቡን ላኩ፤ ሱፉን ይግዙበት።

ኑርንበርግ ላይ · መጋቢት 1

ዘግይቼ መጣሁ፤ ግን የማጫውታችሁ ነገር አለኝ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ትውልዷ ከደቡብ ፖላንድ፣ ላይኛው ሳይሌዥያ ከሚባለው አገር ነው። ባለፈው ታኅሣሥ በምሳ ሰዓት ስለ ጾም ስናወራ እነርሱም በገና ዋዜማ ሥጋ እንደማይበሉ ነገረችኝ። በዚያች ሌሊት አያቷ የሚሠሩትን ሾርባ ስትገልጽልኝ እጄ ላይ ያለው ማንኪያ ቆመ። ከነልጣጩ ያለውን የሄምፕ ፍሬ እስኪፈነዳ ይቀቅሉታል፤ ይወቅጡታል፤ ፈሳሽ እየጨመሩ ያጠልሉታል፤ ልጣጩ ወንፊት ላይ ይቀራል፣ ነጩ ወተት ከታች ይወርዳል። ከዚያ የተቀቀለ እህል ጨምረው ይበሉታል። ስሙ ሴሚዬኒዮትካ ነው። እኔ ግን የታየኝ እናቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሱፍ ስታጠልል ነው። ውሃው ሲነጣ፣ ነጠላዋ ላይ ሲረጭባት፣ እኔ ወንፊቱን ስይዝላት።

በኋላ ሳጠያይቅ ነገሩ የሳይሌዥያ ብቻ አለመሆኑን አየሁ። በሩስያም የሱፍ አበባ ዘይት ከመስፋፋቱ በፊት የኦርቶዶክሱ ገበሬ በጾም ቀን ገንፎው ላይ የሚያፈስሰው የሄምፕ ዘይት ነበር። ቅቤ ሲከለከል እነርሱም እንደ እኛ ወደ ፍሬ ነው የሮጡት። እኛ ኑግ ነበረን፤ እነርሱ ሄምፕ። እዚህ ሠፈሬ ያለው ቱርካዊ ባለ ሱቅ ደግሞ የተቆላ ስንዴ ከሄምፕ ፍሬ ጋር ቀላቅሎ ይሸጣል፤ ካቩርጋ ይሉታል። ዐይኔን ጨፍኜ ብቆረጥመው ሱፍ የገባበት ቆሎ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ለሚጨነቁ፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለፍሬው በኪሎ 3 ሚሊግራም፣ ለዘይቱ 7.5 ሚሊግራም የቲኤችሲ ጣሪያ አበጅቷል። የካልጋሪው ወንድማችን ስለ ዘይቱ ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የዳላሷ · መጋቢት 1

እነርሱም በወንፊት ያጠልሉታል ነው የምትለኝ?

እሺ። የሩስያ ምእመን በጾም ከበላው እኔ ምን ቤት ነኝ። ሐሺሽ ያልሁትን አንሥቻለሁ፤ ውድ ነው ያልሁትን ግን አላነሣም። (ለነገሩ አላልሁትም ነበር፤ አሁን ብዬዋለሁ።) ይጾምበታል ወይ የሚለውን የሚጠራጠር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ፍሬ ነው ብለው ይመልሱለታል ብዬ አስባለሁ።

በረኛው ልጄ፣ እንዲህ አድርገው። ሱፍ ሲሆን እኔ ጥቂት አመስ አድርጌ ነው የምወቅጠው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ታፈላዋለች፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ያንተ ተልጦ ስለመጣ ግማሹ ሥራ አልቆልሃል። ደርቆ ሳይቃጠል ሞቅ አድርገህ ፍጨው። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፤ በወንፊት አጥልለው። ጨው፣ ደቀቅ ያለ ቀይ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ከፈለግህ ትንሽ ሎሚ። ከዚያ የዕለቱን ሳይሆን የትናንቱን እንጀራ ፈትፍትበት። የዛሬ እንጀራ ይላቁጥብሃል። እጅህን ታጠብ።

ከሾላ ገበያ · መጋቢት 2

እትዬ ሱፍ የሚሉት ሱፉን ነው፤ ያ እሾሃማው፣ ቢጫና ብርቱካናማ አበባ ያለው። የሱፍ አበባ ዘይት የሚወጣበት ትልቁ፣ ፀሐይ የሚከተለው ሌላ ነው። ውጭ አገር ሱቅ ገብተው የሱፍ አበባ ፍሬ ገዝተው “ሱፌ ለምን አልነጣም” የሚሉ ሰዎች በየዓመቱ አሉ። ከዚህ በፊትም እዚሁ መድረክ ላይ ሁለት ገጽ ተጨቃጭቀንበታል፤ አልደግመውም።

በረኛው · መጋቢት 5

ውጤቱን ላቅርብ። አልተሳካም።

ግማሽ ከረጢት፣ 170 ግራም ያህል፣ ሞቅ አድርጌ ፈጨሁ፤ በውሃ በጠበጥሁ፤ አጠለልሁ። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነበር፤ ወተቱ ወፍራም፣ ትንሽ አረንጓዴ የነካው። ከዚያ ልምምድ ወጥቼ ስለገባሁ በርዶኝ ነበርና “ሞቅ ቢል ምን አለበት” ብዬ እሳት ላይ ጣድሁት። ዞር ስል ፈላ። ተመልሼ ባየው ተበጣጥሷል። ከላይ ጓል ጓል፣ ከታች ቀጭን ውሃ። ባለቤቴ መጥታ አየችና ምንም ሳትናገር ተመልሳ ሄደች። ከንግግሯ ዝምታዋ ከበደኝ።

6 ዶላር ተኩል ድስት ውስጥ ተበጣጥሶ ተኝቷል። አሁን ምን ላድርገው? ልድፋው?

የካልጋሪ ብርድ · መጋቢት 5

እንዳትደፋው! ይህ የታወቀ ጠባዩ ነው። የሄምፕ ፕሮቲን ሲሞቅ በራሱ ይረጋል፤ እንደ አኩሪ አተር ወተት ማርጊያ እንኳ አይፈልግም። አኩሪ አተር ሲሆን ቶፉ ለማድረግ ጨው መሰል ነገር ወይም ኮምጣጤ ይጨመራል፤ ሄምፕ እሳት ካየ በራሱ ጊዜ ይጨርሰዋል። የተከፈተውን ቀሪ ከረጢት ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው። ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ሞቅ ያለ ቦታ ከተቀመጠ በሳምንታት ውስጥ ይመራል።

የዳላሷ · መጋቢት 5

ምን ይደፋል! አይብ አወጣህ እኮ ልጄ። በጾም አይብ ያወጣ በረኛ አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በነጭ ጨርቅ አጥልለው። ድንጋይ ካለህ ጫንበት፤ ከሌለህ የጣሳ ቲማቲም። ሲጠነክር ጨው፣ ኮረሪማና ጥቂት የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት አድርግበት፤ ቅቤ የምታገባበትን ቦታ በዘይት ሙላው። ጎመን ቀቅልና አብረህ ብላው። የወረደውንም ውሃ አትድፋ፤ ሽሮህን በጥብጥበት።

በረኛው · መጋቢት 8

ጎመኑን ቀቀልሁ፤ አይቡን አወጣሁ። የቡጢ ያህል ሆነ። ከእውነተኛው አይብ ጋር አላወዳድረውም፤ ትንሽ የፍሬ ሽታ አለው፣ ቀለሙም ነጭ ልበለው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ከጎመኑ ጋር ግን ሳህኑ ባዶ ሆነ። ትልቁ ልጄ “ጾም ተፈታ እንዴ?” ብሎ ጠየቀ። በሽሮው ላይ ያልተፈጨውን አንድ ሁለት ማንኪያ መነስነሱንም ለምጄዋለሁ። ልምምዱን የሚኒያፖሊሷ እንዳለችው ከምግብ በኋላ አዛውሬዋለሁ፤ ሚዛኑ ከ78 አልወረደም። ጎኔ አሁንም ያመኛል፤ እትዬ ይደሰቱ።

ሁለተኛ ከረጢት ገዝቻለሁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስገባው ስል ባለቤቴ ተቀበለችኝና ከበሩ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ከበረዶ ማስቀመጫው ጥግ፣ ከአተሩ ጀርባ ደበቀችው። “አሁንም ትፈሪዋለሽ?” አልኋት።

“ልጆቹ እንዳይጨርሱት ነው” አለች።